አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭና የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ የተካሄዱትን የኦሎምፒክ ማራቶኖች አሸንፏል። በኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሲሆን፣ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈም የመጀመሪያው ሰው ነው። በሁለቱም ጊዜ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ከዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በሌሎች ስፖርቶች ተወዳድሯል።

አበበ የሮጠው አማተር ሆኖ ነው። በዘመኑ የኦሎምፒክ ሕግ መሠረት ለሩጫው ገንዘብ የተቀበለ ሰው በውድድሩ ሊሳተፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ መተዳደሪያው የወታደር ደመወዝ ነበር፤ ለድሎቹ ያገኘው ሽልማትም ማዕረግ፣ ኒሻን፣ ቤትና መኪና ሆኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የመጣ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉት «እ.ኤ.አ.» በሚል ተለይተዋል።

ልጅነት

አበበ በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ከመንዲዳ ብዙ በማትርቅ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። የተወለደበት ዕለት እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1932 ነው። በዚያው ቀን በሎስ አንጀለስ የኦሎምፒክ ማራቶን እየተካሄደ ነበር፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይህን ግጥምጥሞሽ ሳያነሱ አያልፉም። እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ።

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ አበበ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ከጦርነቱ ሸሽቶ ጎሮ ወደምትባል ራቅ ያለች ቦታ ሄደ። እናቱ ከአባቱ ተለያይተው ሌላ ባል አግብተው ነበር። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ቀድሞው አካባቢ ተመልሶ በእርሻ መተዳደር ቀጠለ። አበበም እንደ አካባቢው ልጆች ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ አደገ። የገና ጨዋታ በቆልማማ ዱላ ጥንግ እየመቱ ወደ ተቃራኒ ቡድን ግብ የሚያደርሱበት ነው። ሜዳው ወሰን የሌለው በመሆኑና ግቦቹም አንዳንዴ በኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ስለሚቆሙ ተጫዋቹ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል። በስፖርት ስም የሚጠራ ሥልጠና ከማግኘቱ በፊት አበበ የነበረው ልምምድ ይኸው ነው።

ክቡር ዘበኛ

አበበ በ1944 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ በክቡር ዘበኛ 5ኛ እግረኛ ሬጅመንት ውስጥ ተቀጠረ። ክቡር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱ የግል ጠባቂ ሠራዊት ሲሆን፣ በዘመኑ በአገሪቱ ስፖርት ትልቅ ቦታ ነበረው። የሯጮች፣ የብስክሌተኞችና የኳስ ተጫዋቾች መገኛ ነበር። ለአንድ የገበሬ ልጅ በቋሚነት ለመሠልጠን ጊዜና ምግብ የሚያገኝበት ሌላ ቦታ በዚያን ጊዜ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ሯጮችና ብስክሌተኞች ልካ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰች። አበበ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አልነበረም። በዚያን ጊዜ በክቡር ዘበኛም ሆነ በአገሪቱ ስሙ የገነነው ሯጭ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ባለ ክብረ ወሰን የነበረው ዋሚ ቢራቱ ነበር።

አበበን ለማራቶን ያበቃው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነው። ኒስካነን በፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ያደገ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያን ለማገዝ ከመጡ ስዊድናውያን አንዱ ነበር። አበበ ተራ ወታደር ሳለ ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ ነበር፤ ኒስካነንም ብዙ ሳይቆይ ልብ አለው። የኒስካነን ሥልጠና ረጅም ሩጫን በመለስተኛ ርቀት ከሚደረግ የፍጥነት ልምምድ ጋር ያቀናጀ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ ለሯጮቹ ያለውን ጥቅም ዓለም በሚገባ የተረዳው በኋላ ነው።

አበበ በመጋቢት 7 ቀን 1952 ዓ.ም. የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ። አራት ልጆች ወልደዋል።

በኢትዮጵያ በሰፊው የሚነገረው ታሪክ አበበ ወደ ሮም የሄደው ዋሚ ቢራቱ በመጨረሻው ሰዓት መሄድ ስላልቻለ በምትክነት ነው ይላል። ታሪኩ ለሰሚ ያምራል፤ የማጣሪያው ውጤት ግን አበበ በዕድል የተሳፈረ ሰው እንዳልነበር ያሳያል። ከኦሎምፒኩ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አሸነፈ። የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ያስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነበር። አበበ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ከዚህ የፈጠነ ሰዓት ሮጦ ነበር ማለት ነው። በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ ግን ይህን የጻፈ አልነበረም።

ሮም፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952

ኒስካነን ለሮም ማራቶን ሁለት ወታደሮችን አስመዘገበ፤ አበበ ቢቂላንና አበበ ዋቅጅራን። አበበ ቢቂላ ሮም ከደረሰ በኋላ አዲስ ጫማ ገዛ። ጫማው አልሆነውም፤ እግሩንም አቁስሎ ውኃ አስቋጠረው። በባዶ እግር መሮጥ የለመደ ስለነበር ያለ ጫማ ለመወዳደር ወሰነ። ጫማ መግዛት ያልቻለ ድሃ ነበር እየተባለ በውጭ አገር የሚጻፈው ትክክል አይደለም።

የሮም ማራቶን ከተለመደው በብዙ ይለይ ነበር። አጀማመሩም አጨራረሱም በስታዲየም ውስጥ አልነበረም። ሙቀቱን ለመሸሽ አመሻሽ ላይ ከካፒቶሊኖ ኮረብታ ሥር ተጀምሮ፣ ጥንታዊውን የአፒያ መንገድ ይዞ ሲመለስ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ይጠናቀቃል። ሯጮቹ ሲመለሱ ስለሚመሽ ወታደሮች በመንገዱ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ነበር።

ኒስካነን በሚገባ ከሚያስፈሩት ተወዳዳሪዎች አንዱ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም እንደሆነ ለአበበ ነግሮት ነበር። ራዲ ይለብሳል የተባለው ቁጥር 26 ነው። በሩጫው ላይ ግን ለ10,000 ሜትር የተሰጠውን ቁጥር 185 ለብሶ ወጣ። አበበ፣ ቁጥር 11 የለበሰው፣ መሪዎቹን አንድ በአንድ እያለፈ 26 ቁጥርን ሲፈልግ ከአጠገቡ የሚሮጠው 185 ቁጥር ራዲ መሆኑን አላወቀም። ከግማሽ መንገድ በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ ለብዙ ኪሎ ሜትሮችም ጎን ለጎን ሮጡ።

ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ መንገዱ በፖርታ ካፔና አደባባይ በኩል ያልፋል። በዚያ አደባባይ ላይ የሞሶሊኒ መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ራዲን ጥሎ የሄደው እዚያው አካባቢ ነው። ቦታው ለመጨረሻው ሩጫ መነሻ እንዲሆን አስቀድሞ የተመረጠ ነበር፤ ወደ ማብቂያው ቅርብ ከመሆኑም በላይ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለሩጫ ያመቻል። ሐውልቱን ከአገሩ የነጠቁት ሰዎች በነበሩበት ከተማ፣ ወረራው ከተጀመረ 25 ዓመት ሳይሞላ፣ በወረራው ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ቤተሰብ ልጅ አሸነፈ።

ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነበር። ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ከሁለት ዓመት በፊት ካስመዘገበው ክብረ ወሰን በአንድ ሰከንድ እንኳ ያልሞላ ፈጠነ፤ ፖፖቭ ራሱ በዚያ ሩጫ 5ኛ ወጣ። ራዲ ከአበበ በ25 ሰከንድ ዘግይቶ ሁለተኛ፣ የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊ ሦስተኛ ሆኑ። አበበ ዋቅጅራ 7ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ዕለቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነበር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜ 5፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ሮም የተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞች ዓለም አቀፍ ውድድር ተከፈተ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ውድድር ነው። አበበ ከዓሥር ዓመት በኋላ ከዚሁ ስፖርት ጋር ይገናኛል።

ከድሉ በኋላ

አበበ ሲመለስ ሕዝቡ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥቶ ተቀበለው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ሸለሙት፤ የአሥር አለቃነት ማዕረግም አገኘ። የሚኖርበት ቤትና ሾፌር ያለው ቮልስዋገን መኪናም ተፈቀደለት፤ ሁለቱም ግን የክቡር ዘበኛ ንብረት ነበሩ። በዚያን ጊዜ አበበ መኪና መንዳት አይችልም ነበር።

ሦስት ወር ሳይሞላ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ የክቡር ዘበኛ አባላትም ታሰሩ። አበበም በዚህ ምክንያት ተይዞ ተጠይቋል፤ በድርጊቱ ባለመሳተፉ ግን ብዙ ሳይቆይ ተለቀቀ። በውጭ አገር አንዳንድ ጋዜጦች ሞቷል ብለው እስከመጻፍ ደርሰው ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት አገር ሙሉ የተቀበለው ሰው ቢሆንም፣ ዝናው ከሠራዊቱ ዕጣ ለይቶ አላወጣውም።

በ1953 ዓ.ም. ሦስተኛ ሩብ ውድድር ጀመረ። በአቴና የጥንቱን መንገድ ተከትሎ የሚሮጠውን ማራቶን በባዶ እግሩ አሸነፈ። በሰኔ ወር ኦሳካ ላይ ተወዳደረ። እዚያም የጫማ ፋብሪካ ባለቤት የሆነው ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ፈልጎ አገኘው፤ የጃፓን ጎዳና በባዶ እግር ለመሮጥ አደገኛ መሆኑን አስረድቶ ጫማ እንዲያደርግ አሳመነው። አበበም በጫማው ሮጦ አሸነፈ። የኦኒትሱካ ኩባንያ ዛሬ አሲክስ በሚል ስም ይታወቃል። በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያ የኮሺትሰን ማራቶን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ማራቶን አልሮጠም።

የተመለሰው በሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በቦስተን ነው። ከማሞ ወልዴ ጋር ሆነው ከመጀመሪያው አንስቶ በክብረ ወሰን ፍጥነት መሩ። በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ግን ኮረብታውና ከፊት የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ጡንቻቸውን ያዘው። ቤልጂጋዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ አልፏቸው ሲያሸንፍ አበበ 5ኛ ሆነ። ጨርሶት ያላሸነፈው ዓለም አቀፍ ማራቶን ይህ ብቻ ነው።

ቶኪዮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957

አበበ ከሮም በኋላ ባሉት ዓመታት የማራቶን ክብረ ወሰን ሦስት ጊዜ ተሰበረ። ጃፓናዊው ቶሩ ቴራሳዋ፣ አሜሪካዊው ባዲ ኤደለን፣ በመጨረሻም እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ በተከታታይ አሻሽለውት 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ደርሶ ነበር። በኢትዮጵያም ማሞ ወልዴ ቀርቦታል፤ አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ማጣሪያ አበበ ማሞን የቀደመው ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው።

ኦሎምፒኩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩ አበበ በልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን አመመው። ሕመሙ ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘና በመስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሶምሶማ መሮጥ ጀመረ። ከቡድኑ ጋር ወደ ጃፓን የተነሳው ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሲሆን፣ ከቀዶ ሕክምናው እስከ ሩጫው ድረስ በጠቅላላው 35 ቀን ብቻ ነበረው።

በቶኪዮ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ሮጠ፤ ጫማው ፑማ ነበር። መጀመሪያ ላይ የአውስትራሊያው ሮን ክላርክ ፈጥኖ መራ። አበበ ከክላርክና ከአየርላንዱ ጂም ሆጋን ጋር ሆኖ ተከተለ። ግማሽ መንገድ አካባቢ ክላርክ ቀረ፤ ቀጥሎም አበበ ሆጋንን ጥሎ ሄደ። ሆጋን ሁለተኛነቱን ይዞ ቢቆይም በመጨረሻ ደክሞ አቋረጠ። የአበበ አካሄድ ዛሬም በፊልም ሲታይ አንድ ዓይነት ነው፤ ራሱ አይወዛወዝም፣ ፊቱ አይቋጠርም፣ ትከሻው አይነሳም።

ስታዲየሙ ውስጥ ብቻውን ገብቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ጨረሰ። በአማካይ አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሮጧል ማለት ነው። የሂትሊን ክብረ ወሰን በ1 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አሻሻለው። መስመሩን ካለፈ በኋላ ወደ መሐል ሜዳ ሄዶ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሮቹን ወደ ላይ እያነሳ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ሁለተኛው ሰው እስኪገባ ከአራት ደቂቃ በላይ ስላለፈ፣ ከ70 ሺህ የሚበልጠው ተመልካች በዚያ ጊዜ ሁሉ እያየ ያጨበጨበው ለዚህ ልምምድ ነው።

ስታዲየሙ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ የገባው የጃፓኑ ኮኪቺ ትሱቡራያ ነበር፤ ሂትሊ መጨረሻው ላይ ደርሶበት በ3.6 ሰከንድ ቀደመው። ትሱቡራያም እንደ አበበ ወታደር ነበር። በአገሩ ሕዝብ ፊት ሁለተኛነቱን በመነጠቁ አዘነ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

አበበ የኦሎምፒክን ማራቶን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከእሱ በኋላ ይህን ያደረጉት የምሥራቅ ጀርመኑ ቫልደማር ቺርፒንስኪና የኬንያው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ብቻ ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ የመቶ አለቃነት ማዕረግ፣ የዳግማዊ ምኒልክን ኒሻን፣ ቤትና ቮልስዋገን መኪና ሰጡት። በዚህ ጊዜ መኪናው የራሱ ሆነ። መንዳትም ተማረ።

የመጨረሻዎቹ ሩጫዎች

በሚያዝያ 1957 ዓ.ም. አበበና ማሞ ወልዴ በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ሁለተኛ ዓመት ሲከፈት ለክብር ሮጠዋል። በዚያው ዓመት አበበ ጃፓን ውስጥ በኦትሱ የተካሄደውን ማራቶን፣ በቀጣዩ ጊዜ ደግሞ በስፔን የዛራውትዝን እና በደቡብ ኮሪያ ከኢንቾን እስከ ሴኡል የሚሮጠውን አሸነፈ። በሐምሌ 1959 ዓ.ም. ወደ ዛራውትዝ ሲመለስ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ አቋረጠ። ከዚያ በኋላ ማራቶን ጀምሮ አልጨረሰም።

በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ሲወዳደር ደረቱ ላይ 1 ቁጥር ነበር። ከተማዋ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ለኢትዮጵያውያን ትመቻለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ነገር ግን ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ በእግሩ ሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሩጫው ወጣ። ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ አሸንፎ ለኢትዮጵያ ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ወርቅ አመጣ። አበበ ከሜክሲኮ ሲመለስ የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠው። ባልጨረሰው ሩጫ ማዕረግ ማግኘቱ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የማሞ ድል አበበ በከፈተው በር የመጣ መሆኑን ግን በወቅቱ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

በጠቅላላው 16 ማራቶኖች ሮጦ 12ቱን አሸንፏል።

አደጋው

በመጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ቮልስዋገኑን ሲነዳ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆኖ ተገለበጠበት። እሱም በውስጡ እንደተቀረቀረ አደረ። በማግሥቱ ጠዋት ሰዎች አግኝተው አወጡትና ወደ ክቡር ዘበኛ ሆስፒታል ወሰዱት። ስለ አደጋው መንስዔ የሚነገረው ይለያያል። ልጁ ጽጌ አበበ የጻፈችው የሕይወት ታሪክ ከፊት ለፊት በፍጥነት ከመጣ መኪና ሊሸሽ ሲል እንደተገለበጠ ሲገልጽ፣ ሌሎች ጸሐፊዎች ጠጥቶ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ሰጥተዋል። ያቺ መኪና ለቶኪዮው ድል የተሰጠችው ሽልማት ነበረች።

የአከርካሪው አጥንት ተጎድቶ መጀመሪያ ላይ እጆቹንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። እዚያ ስምንት ወር ሲታከም የእጆቹን ኃይል መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን ዳግም አልቆሙም። ከጠያቂዎቹ መካከል ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ይገኙበታል።

በተሽከርካሪ ወንበር

ስቶክ ማንደቪል ተራ ሆስፒታል አልነበረም። ከናዚ ጀርመን ተሰድደው የመጡት ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን የአከርካሪ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች በስፖርት ማገገም እንደሚቻል ያሳዩት በዚህ ሆስፒታል ነው። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮም በግቢው ውስጥ ውድድር ያዘጋጁ ነበር። የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚህ ነው። አበበ ከሆስፒታሉ አልጋ ሳይነሳ በስፖርቱ መሐል ነበር ማለት ይቻላል።

ቀስት መወርወር ተማረ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር ላይ ወደ ኖርዌይ ተጋበዘ። እዚያም በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ከመወዳደሩ በተጨማሪ፣ በውሾች በሚጎተት የበረዶ መንሸራተቻ በተደረገ ውድድር 16 ሰዎች በነበሩበት አንደኛ ወጣ። ሰዓቱ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነበር። በረዶ በማይጥልበት አገር ለተወለደ ሰው ይህ ድል ከቶኪዮው ያነሰ የሚያስገርም አይደለም፤ በአማርኛ ጽሑፎች ግን እምብዛም አይነሳም።

በሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋበዘ። በተሽከርካሪ ወንበሩ ወደ ስታዲየሙ ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የሙኒክ ማራቶን የተሮጠው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1972 ነበር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1964፣ ከሮም ድል ልክ በ12 ዓመቱ። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሲያሸንፍ ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ሆነ። ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ።

ዕረፍቱ

አበበ በጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ በ41 ዓመቱ አረፈ። ሕመሙ ከአራት ዓመት ተኩል በፊት ከደረሰበት አደጋ ጋር የተያያዘ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁ። ከመሐል አዲስ አበባ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ በሚገኘው ቅዱስ ዮሴፍ በሙሉ ወታደራዊ ክብር ሲቀበር፣ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ ወደ 65 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተገኝቷል። ማዕረጉንም ኒሻኑንም የሰጡት ንጉሠ ነገሥት አንድ ዓመት ሳይሞላ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ስሙ ከሞቱ በኋላ

በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ስታዲየም በስሙ ተሰይሟል። የኒውዮርክ ሯጮች ማኅበር ለረጅም ርቀት ሩጫ አስተዋፅኦ ላደረጉ ሰዎች በስሙ ሽልማት ይሰጣል። አሸንፎ ያለፈበት የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ዳግም ተተክሏል።

የሮም ድል 50ኛ ዓመት በተከበረበት እ.ኤ.አ. በ2010 የሮም ማራቶን ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና ሊያሸንፍ ሲል ከ300 ሜትር በፊት ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ጨረሰ። ለዚህም ተጨማሪ 5,000 ዩሮ ተሸለመ፤ አዘጋጆቹ መስመሩን በባዶ እግሩ አልፎ ለሚያሸንፍ ሰው ያስቀመጡት ሽልማት ነበር።

በዚያው ዓመት ገደማ ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል ያለውን ባለ ጣት ጫማ «ቢቂላ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። የአበበ ቤተሰብ ስሙን ያለ ፈቃድ ተጠቅሞበታል በማለት እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ቤተሰቡ ስለ ጫማው ካወቀ በኋላ ክሱን ለማቅረብ ዘግይቷል በማለት በቀጣዩ ዓመት መዝገቡን ዘጋው።